ከፈንጣጣ እስከ ማኅፀን በር ካንሰር፦ የእናቶች ዕውቀትና የልጃገረዶች ክትባት በታሪክ ዓይን

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለማስተማር ልምምድ የተመደቡ ዕጩ መምህራንን ለመጎብኘት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በከላላ በኩል ወደሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሄደበት ዕለት፣ ዕድሜያቸው 14 ዓመት የሆነ ልጃገረዶች ስማቸው ከመዝገብ እየተነበበ ለክትባት ይሰለፉ ነበር። ከአጥሩ አጠገብ ቆመው ሰልፉን ይመለከቱ የነበሩ አንዲት እናት እንግዳውን የጤና ሠራተኛ መስሏቸው ጠጋ አሉና፣ «ጌታው፣ አስተማሪው ካለ እኔ ምን እላለሁ፤ ይከተቡ። ብቻ በሽታውን ሰው ላይ አይቼው አላውቅምና ምንድን ነው ይሉታል?» ሲሉ ጠየቁ። አቅራቢው «የካንሰር ክትባት ነው» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረውም። እናቲቱም «ደግ» ብለው ሄዱ።

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው የእናቲቱ ፈቃድ ሲሆን፣ ሁለተኛው መልስ ያላገኘው ጥያቄያቸው ነው። ፈቃዱ ተገኝቷል፤ ዕውቀቱ ግን አልተሰጠም። ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ የክትባት ታሪክ ውስጥ የእናቶች ዕውቀትና ፈቃድ እንዴት እንደተጓዙ በአጭሩ በመመልከት፣ ያለ ዕውቀት የተገኘ ፈቃድ ምን ያህል ሊጸና እንደሚችልና የትምህርት ቤቱ ድርሻ ምን ሊሆን እንደሚገባ ለማሳየት ይሞክራል።

1. ከዘመናዊው ክትባት በፊት

የአገራችን እናቶች ስለ ክትባት የሰሙት ከውጭ በመጣ ትምህርት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ፈንጣጣ በየዘመኑ እየተመላለሰ ይፈጅ በነበረበት ጊዜ፣ ከታማሚው ቁስል የተወሰደውን መግል በጤነኛ ልጅ ክንድ ላይ በምላጭ በተጫረ ሥፍራ በመጨመር ቀለል ያለ ሕመም እንዲይዘውና ከከባዱ እንዲድን የማድረግ ልማድ ነበረ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ይህንን ልማድ አይቶ ጽፏል። ልማዱ አደጋ ነበረው፤ የተጫረበት ልጅ በሽታውን ወደ ሌሎች ሊያስተላልፍ፣ አልፎ አልፎም ሊሞት ይችላል። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ትንሹን ሕመም ተቀብሎ ትልቁን መከላከል ይቻላል የሚል ነው።

በልጅ ሕመም ጊዜ ወሳኟ እናት መሆኗንም ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1770 ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጎንደር ሲደርስ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብ በፈንጣጣ ተይዞ ነበር። የእቴጌይቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴር የታመሙትን ልጆች ይህ እንግዳ ሰው እንዲያክም ፈቀዱለት፤ እርሱም የተዘጉት በሮችና መስኮቶች እንዲከፈቱ አደረገ። እናቲቱ የፈቀዱት የሕክምናውን ምክንያት ተረድተው አልነበረም። በሽታውን ግን አሳምረው ያውቁት ነበር፤ የሚፈሩትም በዓይናቸው ያዩትን ነገር ነው።

ቋንቋችንም የዚህን ታሪክ አሻራ ይዟል። «ከተበ» የሚለው ግስ መርፌ መውጋትን ብቻ ሳይሆን መጻፍንም ያመለክታል፤ በሕፃን አንገት ላይ የሚንጠለጠለው «ክታብ»ም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። በወሎ ደጋ ክርስቲያኗም ሆነች ሙስሊሟ እናት ልጇን ከማይታይ ክፉ ነገር ለመጠበቅ ክታብ ስታስር ኖራለች። ሊመጣ ካለው ነገር አስቀድሞ መጠበቅ የሚለው ሐሳብ እንግዳ አልሆነባትም። እንግዳ የሚሆንባት የበሽታው ማንነት ነው።

2. ከፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ የተገኘ ትምህርት

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለክትባት ድጋፍ ቢሰጡም፣ ሥራው ገጠሩን ያዳረሰው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በጥር 1963 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ነበር። ዘመቻው በተጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከታቢዎች ባለ ሁለት ሹል መርፌ ይዘው በእግርና በበቅሎ ተራራና ገደል እየወጡና እየወረዱ፣ በሽተኛው የተገኘበትን መንደር እየከበቡ ከተቡ። በገበያና በትምህርት ቤት የፈንጣጣ ሕመምተኛ ሥዕል እየታየ «እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችሁ አለን?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ተማሪው ወሬ አምጪ፣ መምህሩም የጤና ሠራተኛው ረዳት ሆኑ።

ይሁን እንጂ በደጋው አገር ሁሉም በደስታ አልተቀበለም። ከታቢዎች በኃይል የተባረሩበት አካባቢ ነበር። ምክንያቱ ድንቁርና ብቻ እንዳልነበረ ልብ ማለት ይገባል። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ይታይ የነበረው ፈንጣጣ በአብዛኛው ቀላሉ ዓይነት በመሆኑ የሚገድለው ጥቂቱን ነበር። ብዙ እናቶች ሕመሙን «ልጅ ሁሉ የሚያልፍበት» አድርገው ስለ ቆጠሩት፣ ከማያውቁት ሰው መርፌ ይልቅ የለመዱትን በሽታ መረጡ። ሰው ወደ ክትባት የሚሄደው በሽታውን በሚፈራው መጠን መሆኑ በዚህ ታየ።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በኦጋዴን በረሃ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተገኘ። በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1977 በሶማሊያ መርካ ታየ፤ የዓለም ጤና ጉባኤም በሽታው መጥፋቱን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1980 አወጀ።

3. ስም ያላቸው ስድስት በሽታዎች

ፈንጣጣ በጠፋ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በአገራችን ተጀመረ። ፕሮግራሙ ያነጣጠረው በስድስት በሽታዎች ላይ ነበር፤ እነርሱም ኩፍኝ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ዘጋኝ አናዳ፣ የልጅነት ልምሻና የሳንባ ነቀርሳ ናቸው። አንባቢው እነዚህን ስሞች ደግሞ ቢያነባቸው አንድ ነገር ያስተውላል። ሁሉም በእናቶች ቋንቋ ስም አላቸው። ትክትክ ከሳሉ ድምፅ፣ መንጋጋ ቆልፍ ከሚያደርሰው ጉዳት፣ ልምሻ ከሰለለው እግር ስማቸውን አግኝተዋል። «የኩፍኝ ክትባት» ሲባል እናት ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀችም፤ የጎረቤቷን ልጅ ቀብራ ነበርና።

ፕሮግራሙ በመንገድ እጦት፣ በማቀዝቀዣ እጥረትና በጦርነት ምክንያት ለብዙ ዓመታት በዝግታ ተጓዘ። በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች እንደ ተቆራረጠው እንደ ከላላ፣ ወግዲና ቦረና ያለ አገር ደግሞ መድኃኒቱን እንደቀዘቀዘ ማድረስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲዘረጋ፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች እየተመደቡ ክትባቱ ከእናት ደጃፍ ደረሰ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከዚያው አካባቢ የተገኙ፣ አሥረኛ ክፍልን የጨረሱና የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ ናቸው። በዚህ ዘመን የእናት ፈቃድ ሁለት ምሰሶዎች ነበሩት፤ በሽታውን ታውቀዋለች፣ ከታቢዋንም ታውቃታለች።

4. ስም የሌለው በሽታ

የማኅፀን በር ካንሰር ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1842 ጣሊያናዊው ሐኪም ሪጎኒ ስተርን የቬሮና ከተማን የሞት መዝገብ መርምሮ ይህ በሽታ ባገቡ ሴቶች ላይ እንደሚታይና በገዳም በሚኖሩ መነኮሳይያት ላይ ግን እምብዛም እንደማይገኝ ገለጸ። የዚህ ልዩነት ምክንያት ለመታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ወሰደ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሀራልድ ሱር ሀውዘንና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የተባለውን ተውሳክ ሁለት ዓይነቶች፣ ማለት 16ኛውንና 18ኛውን፣ ከካንሰሩ ውስጥ ለዩ። ከዓለም የማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሱር ሀውዘን በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። በአውስትራሊያ ኢያን ፍሬዘርና ቻይናዊው ዢያን ዡ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያገኙት ዘዴ ለክትባቱ መሠረት ሆኖ፣ የመጀመሪያው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2006 ተፈቀደ።

ተውሳኩ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል፤ ያልተወገደው ግን ካንሰር እስኪሆን ድረስ በጤናማ ሴት ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ክትባቱ የሚሠራው ከመያዝ በፊት ሲሰጥ በመሆኑ በልጅነት ዕድሜ መስጠት ግዴታ ይሆናል። እንግዲህ እናትን የምንጠይቃት ከባድ ነገር ነው። ዛሬ ጤነኛ የሆነች ልጇን፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሊመጣ ከሚችል፣ እርሷም ካላየችው በሽታ አስቀድማ እንድትጠብቅ እንጠይቃታለን።

«አላየሁትም» ማለት ግን «የለም» ማለት አይደለም። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 660,000 ሴቶች በዚህ ካንሰር እንደ ተያዙና 350,000 ያህሉ እንደ ሞቱ ተገምቷል። በኢትዮጵያ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ይኸው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ለ2020 የወጣው ግምት በዓመት ከ7,000 በላይ አዲስ ታማሚዎችና ከ5,000 በላይ ሟቾች መኖራቸውን ያሳያል። የሟቾቹ ቁጥር ከታማሚዎቹ ቁጥር ይህን ያህል መቀራረቡ ሴቶቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት እጅግ ዘግይተው መሆኑን ይናገራል። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከደጎሎ ወይም ከመካነ ሰላም ለተነሣች ሴት ይህ መንገድ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መግለጽ አያስፈልግም።

በሽታው ስም ያጣው ስለሚደበቅ ነው። ምልክቱ ከወር አበባ ውጭ የሚታይ ደም፣ ከግንኙነት በኋላ መድማት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ነው። ሴቲቱ ይህንን ለባሏም ለእናቷም መናገር ታፍራለች። ስትሞትም «ሆዷን አሟት» ይባላል። ጎረቤቶቿ ቀብሯት ላይ ቢገኙም በሽታውን ግን አላዩትም። በቀደሙት መጻሕፍት ካንሰር «ነቀርሳ» ይባል እንደ ነበረም ይታወሳል። ይኸው ቃል ለሳንባ በሽታም ስለሚያገለግል፣ «የማኅፀን ነቀርሳ» የምትባል እናት የሳል ሕመም ቢታሰባት ወይም በትንፋሽ የሚጋባ ቢመስላት አያስደንቅም። ዛሬ «ካንሰር» የሚለው ቃል ቢለመድም፣ የብዙ ሰው ትርጉሙ «መድኃኒት የሌለው» የሚል ነው። መድኃኒት የሌለው በሽታ ክትባት ይኖረዋል ብሎ ማን ያምናል?

5. ክትባቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ

በኢትዮጵያ ሥራው በሙከራ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ጎማ ወረዳና በትግራይ አህፈሮም ወረዳ ነው። በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ የክትባት ኅብረት በጋቪ ድጋፍ፣ ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር። ከ9 ዓመት ጀምሮ መስጠት የሚቻል ቢሆንም፣ የዓለም አቅርቦት ጠባብ ስለ ነበረ አንድ የዕድሜ ክልል ብቻ ተመረጠ። የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ አንድ ጊዜ መከተብ ሊበቃ እንደሚችል በመቀበሉ፣ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶች በአንድ ክትባት ለመድረስ የታቀደ ዘመቻ ተካሄደ።

ዋናው የክትባት ሥፍራ ትምህርት ቤት መሆኑ ለመምህሩ አዲስ ኃላፊነት አመጣ፤ ሦስት ችግሮችንም አሳየ። የመጀመሪያው የዕድሜ ጉዳይ ነው። የልደት ምዝገባ በሕግ ደረጃ ሥራውን የጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት የሞላት የገጠር ልጅ በአብዛኛው የልደት ወረቀት አልነበራትም። በክፍሉ መዝገብ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ብዙውን ጊዜ የመምህሩ ግምት ነው። ሁለተኛው ከትምህርት ቤት የቀረችው ልጅ ጉዳይ ነው። በቤት ሥራ፣ በመንገድ ርቀት ወይም ሕግ በከለከለው ያለ ዕድሜ ጋብቻ ምክንያት ያቋረጠችው ልጅ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠች ሆና ሳለ፣ ስሟ በመዝገቡ ላይ የለም። ሦስተኛው የትምህርት ቤቱ ራሱ መዘጋት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል። በትምህርት ቤት ላይ የቆመ ክትባት ከትምህርት ቤቱ ጋር አብሮ ይቆማል።

6. የተበደረ እምነት

በልዩ ልዩ የአገራችን ከተሞች በወላጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በአጠቃላይ የሚያሳዩት አንድ መልክ አለ። ልጃቸውን ለማስከተብ ፈቃደኛ የሆኑት ወላጆች ስለ በሽታውና ስለ ክትባቱ በቂ ዕውቀት ካላቸው ይበልጣሉ። ይህ ለአቀዱት ሰዎች መልካም ዜና ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ይህ ትርፍ ፈቃድ ከየት መጣ? በመግቢያው ላይ የተጠቀሱት እናት «አስተማሪው ካለ» ብለዋል። ፈቃዱ የመጣው ኩፍኝንና ልምሻን ከተከላከሉት ቀደምት ክትባቶችና ከትምህርት ቤቱ ክብር ነው። ስለዚህ አዲሱ ክትባት የሚኖረው በተበደረ እምነት ነው።

የተበደረ እምነት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከሌሎች አገሮች ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ ካኖ የልምሻ ክትባት ሴቶችን መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ተነሥቶ ሥራው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆመ። ከዚያ የተነሣው ቫይረስ ብዙ አገሮችን አዳርሶ፣ በሱዳን በኩል እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ኢትዮጵያ ገባ። ችግሩ ያልተማሩ እናቶች ብቻ እንዳይመስለን ደግሞ ጃፓንን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ጉዳት በመገናኛ ብዙኃን ከተወራ በኋላ መንግሥት ክትባቱን በንቃት ማበረታታቱን አቆመ፤ ወደ 70 በመቶ ደርሶ የነበረው የተከታቢዎች ቁጥር ከ1 በመቶ በታች ወረደ። ማበረታታቱ እንደ ገና እስኪቀጥል ዘጠኝ ዓመት ያህል አለፈ።

በአንጻሩ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2011 ክትባቱን ለስድስተኛ ክፍል ልጃገረዶች ስትጀምር ከ90 በመቶ በላይ ደረሰች። መምህራን፣ የመንደር ጤና ሠራተኞችና የእምነት መሪዎች አስቀድመው ሕዝቡን አስተማሩ፤ ከትምህርት ቤት የቀሩት ልጆችም በየመንደሩ ተፈለጉ። ሩዋንዳን ከጃፓን የለያት የሀብት ብዛት አልነበረም።

መካንነት ከሞት ባልተናነሰ በሚፈራበት በእኛ ደጋ፣ «ለሴቶች ብቻ፣ በዚህ ዕድሜ፣ ለማኅፀን» የተባለ መርፌ ወሬ ለማስነሣት ምቹ ነው። «ለምን ወንዶቹ አይከተቡም?» የሚለው ጥያቄም ይከተላል። ማኅፀን በር ያላት ሴት በመሆኗ ካንሰሩ በእርሷ ላይ እንደሚወጣ፣ ክትባቱም መውለድን እንደማይከለክል አስቀድሞ ያልሰማች እናት፣ ወሬውን በምን ትመክተዋለች?

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች አራት ቁም ነገሮችን ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ ገለጻው ከመርፌው መቅደም አለበት። በወሎ እናቶች የሚሰበሰቡበት ሥፍራ ሞልቷል፤ ቅሬው፣ ማኅበሩ፣ ወዳጃው፣ የቡናው ሸንጎ አለ። መምህሩ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆኖ ከክትባቱ ቀን በፊት በእነዚህ ሥፍራዎች መልስ ሊሰጥ ይገባል።

ሁለተኛ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ሥርዓተ ትምህርት ስለዚህ ጉዳይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሊመድብ ይገባል። ዕጩ መምህሩ «ማኅፀን በር» የሚለውን ቃል በክፍል ፊት ሳያፍር መናገርን ካልተለማመደ በእናቶች ፊት አይናገረውም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ በዚያ ዕለት መልስ ያጣው ባለመማሩ ነው።

ሦስተኛ፣ ከትምህርት ገበታ የቀሩ ልጃገረዶች መዝገብ በየቀበሌው ሊኖር ይገባል። ትምህርት ቤቱ ያቋረጡትን፣ ጤና ኬላው በቤተሰብ መዝገቡ ያሉትን አውጥተው ቢያመሳክሩ ብዙዎቹ ይገኛሉ። ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜም ክትባቱ መሄጃ አያጣም።

አራተኛውና በቀላሉ የሚዘነጋው ስለ እናቲቱ ስለ ራሷ ነው። የ14 ዓመት ልጅ እናት አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ ይህ ደግሞ የቅድመ ካንሰር ምርመራ የሚደረግበት ዕድሜ ነው። ምርመራው የኮምጣጤን ዓይነት አሲድ በማኅፀን በር ላይ በመቀባት የተለወጠውን ሥፍራ በዓይን የሚያሳይ፣ የተገኘውንም በአብዛኛው በዚያው ቀን ለማከም የሚያስችል ነው። ክትባቱ ልጇን ይጠብቃል፤ እርሷን ግን አሁን ሊረዳት የሚችለው ምርመራው ነው። ልጇን ይዛ በመጣችበት ቀን ይህንን ሳትሰማ ከተመለሰች ትልቅ ዕድል አምልጧታል፤ እኛንም አምልጦናል።

ለዚያች እናት በዚያ ዕለት ሊሰጥ ይገባ የነበረው መልስ ረጅም አልነበረም። «እመቤቴ፣ በሽታው የማኅፀን በር ቁስል ነው። ሴት ወልዳ ካሳደገች በኋላ ሳይታወቅ ይጀምራታል፤ እያፈረች ስትደብቀው ይገድላታል። የሚያመጣው ተውሳክ ከወንድ የሚተላለፍ ስለሆነ ልጅቱ ከማግባቷ በፊት ትከተባለች፤ መውለድን አይከለክልም። እርስዎም ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ።» ይህንን ለማለት ሁለት ደቂቃ ይበቃል።